ከሒሳብ ዲግሪ በኋላ ምን ልማር ለሚሉ ልጆቻችን

(በመድረሳችን አዳራሽ ለተመራቂ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው ከተደረገው ንግግር ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ተስተካክሎ የቀረበ)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ የመስጊዳችን ኮሚቴ ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ ሲጠይቀኝ ስለ ሰላት ወይም ስለ ረመዳን እንደምጽፍ ገምቶ እንደ ነበር አውቃለሁ። እኔ ግን ስለ ሒሳብ ትምህርት ልጽፍ ነው። የሒሳብ ባለሙያ አይደለሁም፤ መድረሳ ተምሬ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ወደ ሚሕራቡ የመጣሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ከዒሻ በኋላ በበረንዳው ላይ ጠብቀው ከሚያነጋግሩኝ ወጣቶች መካከል ስለ ኒካሕና ስለ ውርስ ከሚጠይቁት ባልተናነሰ «የሒሳብ ዲግሪ ይዣለሁ፤ ቀጥሎ ምን ልማር?» የሚሉት በዝተዋል። ጥያቄያቸው የደመወዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወደ ኢማም ባልመጡ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንዲት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከአባቷ ጋር መጣች። በሒሳብ አያያዝ ዲግሪዋን ይዛ ኮምቦልቻ በአንድ ድርጅት ሁለት ዓመት ሠርታለች። «ኡስታዝ፣ ኤሲሲኤ ልጀምር ወይስ የባሕሬኑን እስላማዊ የሒሳብ ምስክር ወረቀት? አንዱን እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ አልችልም» አለች። አባቷ እዚሁ ደሴ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቀበል አድርገው «ሐላሉን ይንገሩንና እኛ እንክፈል» አሉ። (የምጽፈው የእነዚህንም ሆነ የሌሎቹን ፈቃድ ጠይቄ ነው።)

የአባትየው አነጋገር የጥሩ አባት አነጋገር ነው። ሆኖም ነገሩ እሳቸው እንዳሰቡት ሐላልና ሐራም ተብሎ በምስክር ወረቀቱ ስም ላይ የታተመ አይደለም። ቀጠሮ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ለምን ወዲያው እንዳልመለስኩ ልንገርህ።

ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ አንድ በባንክ ቤት በሒሳብ ክፍል የሚሠራ ልጅ ከጁሙዓ በኋላ ጠጋ ብሎ ስለ ሥራው ጠየቀኝ። ባንኩ በወለድ የሚያበድር ነው። ጫማዬን እያጠለቅሁ «ጸሐፊውም የተረገመ ነው፤ ውጣ» አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ለቆ ወጣ። እኔ ግን ወጥቶ ምን ሠርቶ እንደሚያድር አልጠየቅሁትም፤ ስንት ሰው ከእጁ እንደሚበላ አልጠየቅሁትም፤ ዑለማዎች በወለድ ሐራምነት አንድ ሆነው ሳለ፣ ሌላ መተዳደሪያ እስኪያገኝ ስለሚቸገር ሰው የተናገሩትን ዝርዝር ከፍቼ አላሳየሁትም። ሁለት ዓመት ያህል የሰው ባጃጅ ነዳ። አንድ ቀን እናቱ መጡና «ልጄን ከእንጀራው አውጥተው የት ሊያደርሱት ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የተናገርኩት ሑክም ስሕተት ነበር አልልም፤ ሐዲሱ ሐዲስ ነው። እኔ ግን መድኃኒቱን አውቆ መጠኑን እንዳላወቀ ሐኪም ሆንኩበት። ወደዚህ ልጅ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

ያ ሐዲስ ጃቢር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ ኢማም ሙስሊም የመዘገቡት ነው። ወለድ የሚበላው፣ የሚያበላው፣ የሚጽፈውና ሁለቱ ምስክሮች በአንድነት የተረገሙበት፣ እኩል መሆናቸውም የተነገረበት ሐዲስ ነው። እንግዲህ አስተውል፤ ጸሐፊው ገንዘቡን አልነካም፤ ትርፉም ኪሳራውም የእሱ አይደለም፤ ብዕር ብቻ ነው የያዘው። ያም ሆኖ ከበላው ጋር ተቆጠረ። የሒሳብ ሰው ማለት ደግሞ ይኸው ጸሐፊ ነው፤ ዛሬ ብዕሩ ኮምፒዩተር ሆኗል እንጂ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። እኔም ያን ቀን የቆምኩት እዚሁ ላይ ነው። ነገር ግን በሱረቱል በቀራህ ወለድ የተከለከለባቸው አንቀጾች እንዳበቁ የሚመጣውን አንቀጽ፣ 282ኛውን ተመልከት። በቁርኣን ውስጥ ከሁሉ የረዘመው አንቀጽ ነው። ስለምን የሚናገር ይመስልሃል? ስለ ዕዳ መዝገብ ነው። ለተወሰነ ጊዜ ዕዳ ስንዋዋል እንድንጽፈው፣ ጸሐፊው በመካከላችን በትክክል እንዲጽፍና አላህ ያሳወቀውን ሙያ ይዞ ከመጻፍ እንዳይሸሽ፣ ቃሉን የሚያስጽፈው ባለ ዕዳው እንዲሆን፣ ዕዳው ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜው መጻፉን እንዳንሰለች፣ በመጨረሻም ጸሐፊውና ምስክሩ ጉዳት እንዳይደርስባቸው ያዝዛል።

ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ ተረገመ፤ ሌላው ጸሐፊ እንዳይሸሽ ታዘዘ። የሁለቱም ብዕር አንድ ነው፤ የመደመርና የመቀነስ ችሎታቸውም አንድ ነው። የለያቸው የተቀመጡበት ጠረጴዛ ነው። እንግዲያውስ ልጄ፣ ቀጥሎ ምን ልማር ከማለትህ በፊት በየትኛው ጠረጴዛ ላይ ልትጽፍ እንደምትፈልግ ለይ። ምስክር ወረቀት በር ይከፍታል እንጂ የምትገባበትን ክፍል አይመርጥልህም።

የዚህን አንቀጽ ዋጋ እኛ የደሴ ሰዎች በመጽሐፍ ብቻ አይደለም የተማርነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ከተማችን በጦርነት ተይዛ ባንኮች በተዘጉ ጊዜ ብዙው ሰው የኖረው በዱቤ ነው። ከዚያ በኋላ ባለ ሱቅና ደንበኛ ተጣልተው ለሽምግልና እኔ ዘንድ የመጡት ሁሉ ጽሑፍ ያልነበራቸው ናቸው። በደብተር ጽፈው ከተፈራረሙት አንድም አልመጣብኝም።

አሁን ወደ ምስክር ወረቀቶቹ እንግባ። ባለሙያዎችን ጠይቄ፣ ልጆቹ ያመጡልኝን አንብቤ የተረዳሁትን ነው የምነግርህ።

ኤሲሲኤ እ.ኤ.አ. በ1904 በለንደን የተጀመረ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። መንገዱ 13 ፈተናዎች አሉት፤ ዲግሪ ላለው ሰው እንደ ተማረው ትምህርት ከመጀመሪያዎቹ እስከ 9 ድረስ ሊነሡለት ይችላሉ። ከዚያ ላይ የ3 ዓመት የሥራ ልምድና የሥነ ምግባር ትምህርት ይጠየቃል። በአገራችን በራሳቸው ስም የኦዲት ሪፖርት ከሚፈርሙት ባለሙያዎች ብዙዎቹ በዚህ በር የገቡ ናቸው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፉ የሪፖርት ደረጃ እንዲያቀርቡ ታዝዘዋል፤ ስለሆነም ዲግሪ ብቻ የያዘ ልጅ በሩቅ የሚያየው ሥራ በዝቷል።

የኤሲሲኤ ከባዱ ነገር ሁለት ነው። አንደኛው የመጨረሻዎቹ ፈተናዎች ናቸው፤ በከፍተኛው የኦዲት ፈተና በአንድ ዙር የሚያልፉት ከተፈታኞቹ ከግማሽ ያንሳሉ። ስለዚህ ልጅህ አንድ ጊዜ ቢወድቅ ሰነፍ ነው ብለህ አትፍረድበት። ሁለተኛው ክፍያው በፓውንድ መሆኑ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ፓውንዱም አብሮ ወጣ። ለአራት ፈተና የሚበቃ ብር ያጠራቀመ ልጅ በዚያ ክረምት የሁለቱን ብቻ ይዞ አደረ። እናንተ አባቶች፣ «ጀምር፣ አላህ ያግዝሃል» ከማለታችሁ በፊት የሦስቱን ዓመት ወጪ በውጭ ገንዘብ አስሉት፤ የየዓመቱን የምዝገባ ክፍያና ማኅበሩ ለሚያነሣቸው ፈተናዎች እንኳ የሚያስከፍለውን ጨምራችሁ። ተወኩል ግመሏ ከታሰረች በኋላ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ፈተናው በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣል። በ2017 ዓ.ም. የካቲት የነበረው ዙር ከረመዳን መጀመሪያ ሳምንት ጋር ገጠመ፤ ተራዊሕ ሰግደው ሌሊቱን አጥንተው ጾመው የተፈተኑ ልጆች አውቃለሁ። አላህ ይቀበላቸው፤ ግን ዙር መምረጥ ይቻላልና ወደሚቀጥለው ማስተላለፉ ነውር አልነበረም።

ሲኤምኤ የሚባለው ከአሜሪካ የማኔጅመንት ሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የሚገኝ ነው፤ ፈተናው ሁለት ብቻ ነው። ዕቃው ስንት ወጣበት፣ በስንት ቢሸጥ ያዋጣል፣ የመጪው ዓመት በጀት ምን ይሁን የሚለውን ያስተምራል። ከነጋዴ ቤት የወጡ ብዙ ልጆቻችን ሳያዩት የሚያልፉት ይህን ነው፤ ስሙ እንደ ኤሲሲኤ በሰፈር አይነሣማ። እንደ እኔ አስተያየት የአባቱን ሱቅ ወደ ድርጅት ለማሳደግ ለሚያስብ፣ ወይም እንደ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ባለበት አካባቢ ለሚኖር ልጅ ከሁሉ ይልቅ ይቀርበዋል። ሲአይኤ ደግሞ የውስጥ ኦዲተሮች ነው፤ ሦስት ፈተና አለው። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ስለ ሲኤፍኤ ክርክር ሰምቻለሁ። ሦስት ደረጃ ያለው የኢንቨስትመንት ትምህርት ነው፤ የቦንድ ዋጋና የወለድ ስሌት ሞልቶበታል። «ታዲያ መማሩ ሐራም አይደለም ወይ?» ይሉኛል። ወለድን ማወቅና ወለድን መብላት የተለያዩ ናቸው። ወለድ እንዴት እንደሚሰላ የማያውቅ ሰው በውል ውስጥ ተሸሽጎ ሲመጣም አያውቀውም። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የአክሲዮን ገበያ ተቋቁሞ ጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ነገ አንድ ነጋዴ «ኡስታዝ፣ የዚህን ድርጅት አክሲዮን ልግዛ?» ሲለኝ፣ ድርጅቱ ገቢውን ከምን እንደሚያገኝና ስንት የወለድ ብድር እንዳለበት ሪፖርቱን ከፍቶ የሚያሳየኝ ሰው እፈልጋለሁ። ቢሆንም ገበያው ገና ሕፃን ስለሆነ በዚህ ሙያ የሚገኘው ወንበር ጥቂት መሆኑን ልጁ አውቆ ይግባ። ደግሞ ትምህርቱ ሐላል ነው ማለት የሚያስገኘው ሥራ ሁሉ ሐላል ነው ማለት አይደለም። ቦንድ እየገዛ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ከተቀመጠ ያው የጸሐፊው ሐዲስ ይጠብቀዋል።

ልጅቷ የባሕሬኑ ያለችው አዮፊ እየተባለ የሚጠራው የእስላማዊ የፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና የኦዲት ድርጅት የሚሰጠው ነው። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 በአልጀርስ ስምምነት ተደርጎበት በ1991 በባሕሬን ተመዘገበ። ለእስላማዊ ባንኮች የሸሪዓ፣ የሒሳብና የኦዲት ደረጃዎችን ያወጣል፤ ለሒሳብ ባለሙያዎች ሲአይፒኤ የሚባል፣ ለሸሪዓ አማካሪዎችና ኦዲተሮች ደግሞ ሌላ ምስክር ወረቀት አለው።

በአገራችን የዚህ ሥራ በር የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592 ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመመሪያ እንዲመራ ፈቀደ፤ በ2004 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ነባር ባንኮች በመስኮት እንዲሠሩ መመሪያ አወጣ። ያኔ ሙሉ ባንክ ለማቋቋም ተነሥተው የነበሩ ሰዎች ሳይሳካላቸው ቀረ። በ2011 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ማቋቋም ተፈቀደ፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራና ሌሎችም ተከተሉ። ያ ባጃጅ የነዳ ልጅ በወጣ ጊዜ በቅጡ ያልነበረው ጠረጴዛ ዛሬ አለ።

ሆኖም ጠረጴዛው ላይ «ከወለድ ነፃ» የሚል ስለ ተጻፈበት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ምሳሌ ላንሣ። አንዲት ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ትፈልጋለች እንበል። ባንኩ በሙራበሓ መኪናውን ከነጋዴ በ40,000 ብር ገዝቶ፣ የራሱ ካደረገው በኋላ ዋጋውንና ትርፉን ነግሮ በ46,000 ብር በአንድ ዓመት ከፍላ እንድትጨርስ ይሸጥላታል። ይህ ንግድ ነው። ነገር ግን ሠራተኛው ለመፍጠን ብሎ መጀመሪያ ሴትዮዋን አስፈርሟት መኪናውን ከሦስት ቀን በኋላ ቢገዛውስ? ባንኩ የራሱ ያልሆነ ዕቃ ሸጠ። ገንዘቡን በእጇ ሰጥቶ «ራስሽ ግዢው» ቢላትና፣ በባንኩ ወኪልነት ገዝታ ስለማስረከቧ አንድም ሰነድ ባይኖርስ? 40,000 ሰጥቶ 46,000 መቀበል ምን እንደሚባል አንተው ታውቃለህ። በንግዱና በወለዱ መካከል ያለው በወረቀቱ ላይ የተጻፈች አንዲት ቀን ናት። ያቺን ቀን የሚያያት ማነው? ሸይኹ ፈትዋ ይሰጣል እንጂ ሺህ ፋይል አያገላብጥም። የሚያያት የሒሳብ ልጅ ነው። ክፍያ ሲዘገይ የሚጣለውም መቀጫ እንዲሁ ነው፤ በአዮፊ ደረጃ ለበጎ አድራጎት መዋል ሲገባው በስሕተት ከባንኩ ገቢ ጋር ከተመዘገበ ወለድ ሆነ። ይህንንም የሚለየው መዝገብ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ባንኮቻችን ለመንግሥት የሚያቀርቡት ሪፖርት በዓለም አቀፉ ደረጃ ነው፤ ያ ደረጃ ደግሞ የሙራበሓን ትርፍና የብድርን ገቢ እኛ በምንለያቸው መንገድ አይለያቸውም፤ የገንዘቡን አወጣጥና አገባብ ነው የሚያየው። አዮፊ ሽያጩን እንደ ሽያጭ ያያል። ሁለቱን ቋንቋ የማይችል ሰው በመካከል ሆኖ ሊያስታርቃቸው አይችልም። ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፤ የሒሳቡን መሠረት ሳይጨብጡ «እስላማዊ» የሚለውን ስም መያዝ ውዱእ ሳያደርጉ ኢቃማ እንደ ማለት ነው። አስቀድመህ የተፈተነ የሒሳብ ባለሙያ ሁን፤ ከዚያ የአዮፊውን ጨምርበት። በመድረሳ ዓረብኛና የሙዓመላት ፊቅህ የቀራ ልጅ ሁለተኛው አይከብደውም፤ ሁለቱን አንድ ላይ የያዙ ሰዎች ግን እኔ የማውቃቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሦስት ቀን በሆቴል አዳራሽ ተቀምጠው የሚወስዱት ያማረ ወረቀትስ? ወጪው የሻይ ከሆነ ሂድ፤ ደመወዝህን የሚወስድ ከሆነ ተወው።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር፤ ነጋዴዎቻችን ይቅር በሉኝ። አንዳንዶቻችን በወለድ ባንክ የሚሠራውን ልጅ በክፉ ዓይን እያየን፣ በገዛ ሱቃችን ግን ሁለት መዝገብ እናስይዛለን፤ አንዱን ለራሳችን፣ አንዱን ለግብር ሰብሳቢው። ያን ሁለተኛውን የሚጽፈው ማነው? ከዚሁ መስጊድ የወጣ፣ የወር ደመወዝ የሚጠብቅ ልጅ ነው። እንቢ ካለ ይባረራል። ጸሐፊው እንዳይጎዳ የታዘዝነው እኛ አይደለንም ወይ? ሦስት ወጣቶች በተለያየ ጊዜ ይህንኑ ነግረውኛል። አንዱማ «ኡስታዝ፣ ባንክ አልገባም ያልኩት ከሐራም ልሸሽ ነበር፤ አሁን በየወሩ እዋሻለሁ» አለኝ።

የሙያ ምስክር ወረቀት እንዲይዙ የምመክርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ከደመወዙ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል። ዲግሪ በአሠሪ ቃል ሐሰት ስለ ጻፍክ ብሎ የሚወስድብህ የለም፤ ስለዚህም አይጠብቅህም። የማኅበር አባልነትና የቦርድ ፈቃድ ግን በሐሰት ከፈረምክ ሊነጠቅ ይችላል። የሚነጠቅ ነገር ያለው ሰው «ጋሼ፣ ይህን ከፈረምኩ ፈቃዴን አጣለሁ» ለማለት አፍ ያገኛል፤ አሠሪውም አላህን ባይፈራ ይህን ይሰማል። «ተቅዋው አይበቃውም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ይበቃዋል፤ ግን ሁላችንም ግድግዳ ስናገኝ እንደገፋለን።

እኛም እንደ ጀመዓ እነዚህን ልጆች እንፈልጋቸዋለን። ረመዳን በገባ ቁጥር ነጋዴዎች ዘካቸውን እንዳሰላላቸው ይጠይቁኛል። ኒሷቡ 85 ግራም ወርቅ፣ መጠኑ 2.5 በመቶ መሆኑን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ መጋዘን ውስጥ ያለው ጨርቅ በዛሬ ዋጋ ስንት ነው፣ ከዱቤው የትኛው ይሰበሰባል የትኛው ጠፍቷል፣ ለአከፋፋዩ ያለበት ዕዳ ስንት ነው ሲባል እጄን አነሣለሁ። የበለጠም አለ። የነጋዴው ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ የዘካ ዓመት ግን የጨረቃ ስለሆነ በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። በፀሐይ ዓመት እየዘጋ 2.5 በመቶ ብቻ የሚያወጣ ሰው በ33 ዓመት ውስጥ የአንድ ዓመት የድሆች ሐቅ እጁ ላይ ይቀራል። በፀሐይ ዓመት የሚያሰላ 2.577 በመቶ ያውጣ የተባለው ለዚህ ነው። ዘካ በሚወጣበት 1,000,000 ብር ላይ 25,000 የነበረው 25,770 ይሆናል። ይህን በወረቀት ሠርታ ያስረዳችኝ ያቺው በበረንዳ ላይ የጠበቀችኝ ልጅ ናት። ይህን ያህል ዘመን ሚሕራብ ላይ ቆሜ አላስተዋልኩትም ነበር።

ወደ እሷ ልመለስ። በቀጠሮው ቀን ስትመጣ የጠየቅኋት አንድ ነገር ነው፤ «በየትኛው ጠረጴዛ ላይ መጻፍ ትፈልጊያለሽ?» ጥቂት አሰበችና «ሌላ ሰው የጻፈውን መመርመር ነው የምፈልገው» አለች። እንግዲያውስ ኦዲት ነው፤ ኤሲሲኤውን ጀምሪ፣ የባሕሬኑን ከዚያ በኋላ ትደርሺበታለሽ አልኳት። አባቷ ዝም ብለው ቆዩና «የእኔንም ሱቅ ሒሳብ ትመረምር ይሆን?» አሉ። ሳቅን። እሳቸው ግን የቀለዱ አልመሰለኝም።

ያ ባጃጅ ይነዳ የነበረው ልጅ ዛሬ በአንድ ፋብሪካ የምርት ወጪ ሒሳብ ይሠራል። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እሱም ይቅር ብሎኛል። እናቱ ግን እስከ ዛሬ በአጭሩ ነው ሰላም የሚሉኝ። የሲኤምኤን የመጀመሪያውን ፈተና አልፎ በሁለተኛው ወደቀ፤ ለመድገም ክፍያው በዶላር ሆኖ አቃተው። በወለድ ልበደር ወይ ብሎ ሳይጠይቀኝ ኮሚቴውን ቀድሜ አነጋገርኩ። ለመስጊዱ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ለሌላ አይውልምና ሣጥኑን አልነካንም፤ ስድስት ሰዎች በፈቃዳቸው አዋጥተው ቀርድ ሐሰን ሊሰጡት ተስማሙ።

ውሉ የተጻፈው በመስጊዱ ቢሮ፣ ከዐስር በኋላ ነው። ልጅቷ ጻፈች፤ ቃሉን ባለ ዕዳው አስጻፈ፤ ሁለት የኮሚቴ አባላት መሰከሩ። ስለ ዶላሩ ጥቂት ተከራከርን፤ እስከዚያ ቢወደድስ አለ አንዱ። የሰጠነው ብር ስለሆነ የሚመለሰውም ያው ብር ነው፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ አልን። «በብር ወስጃለሁ፤ በአሥር ወር ውስጥ በብር እመልሳለሁ» ብሎ አስጻፈ። እሷም ብዕሯን አንሥታ «አሥር ወር ብዬ አልጽፍም፤ ወሩንና ቀኑን ንገረኝ» አለችው። ቆጥሮ ነገራት፤ ጻፈችው።